ያልበረደ ዘንግ

«አንድ ነገር ልንገርዎት ጋሼ፤ እኔ ብረት ፊት ስቆም የሚንቀጠቀጠው ብረቱ ነው።»

ይህን ያለችው ሚስማር ናት። በሹክሹክታ አይደለም ያለችው፤ ውጭ የቆመው ጄኔሬተር ይጮኻል፣ እሷ ደግሞ ከእሱ በላይ ጮኻ ነው። ሚስማር የቤት ስሟ አይደለም። ቀጭን ስለሆነችና ጫፏ ስለሚዋጋ ደንበኞች ያወጡላት ነው፤ ጫፏ ሲሉ ምላሷን ማለታቸው ነው። ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምራ፣ ሰባተኛን ለሚወደው ሰው ትታለት፣ አባቷ ወርክሾፕ ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልተማረችው ነገር ቢኖር ዝም ማለት ብቻ ነው።

የተነገረው ሰውዬ የጠጠር መፍጫው መካኒክ ነበር። ዛሬ ሲመጣ ሦስተኛ ጊዜው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል።

«መንቀጥቀጡን ተይውና ሚስማሬ፣ የኔ ዘንግ የት ደረሰ?»

«ተኝቷል።»

«አባትሽስ?»

«እሱም ተኝቷል።»

«ጥሩ ቤት ነው» አለ መካኒኩ። «እኔም አንድ ጥግ ስጪኝና ልተኛ።»

ወርክሾፑ አንድ ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ሲሚንቶ። ግድግዳውን ተደግፈው ተራ የሚጠብቁት የዶዘር ጥርሶች፣ የሎደር ፒኖች፣ ስማቸው የጠፋ ጥርስ አልባ ማርሾች ናቸው፤ ሁሉም ያለቁ። ሰው ሲያልቅበት ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ማሽን ሲያልቅበት እዚህ ይመጣል። አባቷ ያለቀውን ቦታ በብየዳ ሥጋ ይጨምርለትና ቶርኖው ላይ አስሮ እያሽከረከረ ወደ ድሮ ልኩ ይልጠዋል። ቶርኖው ራሱ ከሚስማር በዕድሜ ይበልጣል። ሲነሳ ያቃስታል፣ ካልሞቀ ይለግማል፣ አንዴ ከሄደ ግን ማንም አይመልሰውም። ሚስማር ስለ ቶርኖው ይህን ስትናገር አክስቷ ሁልጊዜ «እናትሽን ነው የምታወሪው ወይስ ማሽኑን?» ትላታለች።

አባቷ ደክሞታል። የዛሬ ድካም አይደለም። ድካሙ እንደ ቱታው ነው፤ ጠዋት ይለብሰዋል፣ ማታ አውልቆ ይሰቅለዋል፣ ጠዋት ሲመጣ እዚያው መስቀያ ላይ ተሰቅሎ ያገኘዋል። ወገቡንስ ለምዶታል። ያስቸገረው ዓይኑ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የብየዳ እሳት ያየ ዓይን አሁን ካሊፐሩ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ይደንሱበታል። ካሊፐር ማለት እንደ ሸርጣን አፍ ብረቱን ነክሶ ውፍረቱን የሚናገር መለኪያ ነው። አባቷ አንዷን ሚሊ ለመቶ ከፍሎ እያንዳንዷን «ፀጉር» ይላታል። የማን ፀጉር እንደሆነ አይታወቅም፤ እሱ ራሱ ፀጉር ከተለየው ስንት ዘመኑ።

ሰኞ ዕለት አክስቷ መጥታ ነበር፤ የአባቷ ታላቅ እህት። ልብስ ስፌት ቤት አላት፤ አፍም አላት።

«ዓይንህ እያየ ዓይንህ አለቀ!» አለችው ወንድሟን። «ወይ ልጅቷ ማሽኑን ትረከብህና አንተ እረፍ፤ ወይ ማሽኑን ለሚፈልገው አሳልፈህ ስጥና ልጅቷን እኔ ልውሰዳት። ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መዘምዘም ያቅታታል ብዬ አላምንም።»

አባቷ ቶርኖውን በመዳፉ ዳሰሰ። በመጨረሻ «እስቲ የጠጠር መፍጫውን ዘንግ ትላጠውና እንይ» አለ። «ብየዳውን እኔ፣ መላጡን እሷ። ልኩን ካመጣችው ቶርኖው የሷ ነው።»

ሚስማር ከቶርኖው ኋላ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የሚታያት አንድ ሳጥን ሙሉ ቁልፍ ነው፤ ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ እስከ እርጅናዋ የሚበቃ።

ዘንጉ የሰው ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ቁመቱ ከሚስማር ደረት የሚደርስ ብረት ነው። ኩሽኔታው፣ ማለትም ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ ተሰብሮ ዘንጉ ላይ ሲሽከረከር ወገቡን እንደ አይጥ በልቶታል። አባቷ ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ብረቱን አግሎ፣ የብየዳ ክር በብየዳ ክር ላይ እየደረበ የተበላውን ሞላው። ዛሬ ከረፋዱ ላይ ሲጨርስ ዘንጉን በግማሽ በርሜል አመድ ውስጥ ቀበረው፤ ቀስ ብሎ ካልበረደ ይሰነጠቃልና።

«እንዳትነኪው» አለ፣ ዓይኑን በመዳፉ እያሸ። «በባዶ እጅሽ ይዘሽው ‹ቀዝቃዛ ነው› ስትዪ ያን ጊዜ ቀስቅሺኝ። እኔ ትንሽ ጋደም ልበል።»

ከጓዳው በኩል ካርቶን አንጥፎ ተኛ። ቱታውን እንኳ አላወለቀም።

እና መካኒኩ መጣ።

«ሚስማሬ» አለ አሁን፣ አመዱን እያየ፣ «እዚያ መፍጫው ጋ ስምንት ሰው ቁጭ ብሎ አንዱ የሌላውን ጫማ ይመለከታል። አለቃዬ ጠዋት የነገረኝን ብነግርሽ አመዱ ራሱ ያለቅሳል። መቼ ነው የሚበርደው?»

«አባዬ ሲነሳ።»

«እሱ መቼ ይነሳል?»

ሚስማር ወደ ጓዳው አየች። የአባቷ እግር ብቻ ይታያል፤ አንዱ ጫማ ተፈቷል፣ ሌላው ሳይፈታ እንቅልፍ ቀድሞታል። እንዲህ ተኝቶ አይታው አታውቅም። ቢነሳና ዘንጉ አልቆ ቢያገኘው ብላ አሰበች። ልኩ ደርሶ፣ ተወልውሎ፣ እንደ መስተዋት አብርቶ። «ማን ነው የሠራው?» ይላል። «ማን ይመስልሃል?» ትለዋለች። ቁልፉም ሳጥኑም እዚያው ይቀራሉ።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ሲባል አልሰሙም ጋሼ?» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ያን ሰንሰለት ይያዙልኝ።»

ሁለት ሁለት የቆዳ ጓንት ደርበው ከጣሪያው በተንጠለጠለው ባለ ሰንሰለት ማንሻ ዘንጉን ከአመዱ አወጡት። ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። መካኒኩ «ይሄ ነገር ገና እሳት ነው እኮ» ሲላት «ለስለስ ብሎ ይላጣል፤ ሥራውን ለባለሥራው ይተዉት» አለችው። ቶርኖው ላይ አሰረችው። ማሽኑ እንደ ልማዱ አቃሰተ፣ ለገመ፣ ሄደ።

መላጥስ ታውቃለች፤ ሐሰት አይወራም። ቢላዋው ሻካራውን ብየዳ ነክሶ ሲይዝ ፍቅፋቂው ሰማያዊ ሆኖ እየተጠቀለለ ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ያረፈበትን ዘይት ያጨሳል። ሻካራው ለሰለሰ፣ ለስላሳው አበራ። የኩሽኔታው ቀዳዳ ልክ ዘጠና ሚሊ ነው። ዘንጉ ከዚያ በሁለት ፀጉር መወፈር አለበት፤ ኩሽኔታው በግድ ገብቶ አንቆ እንዲይዘው። ሚስማር ሰው ሆና የቆመችበት ሰዓት ቢኖር ያ ነበር። ትንፋሿን ይዛ ነካ አደረገችው፣ ለካች፤ ደግማ ነካ አደረገችው፣ ለካች።

ዘጠና ከሁለት ፀጉር።

ደግማ ለካች፤ ዘጠና ከሁለት ፀጉር። ሦስተኛ ለካች። ካሊፐሩ ቃሉን አልቀየረም።

«ጋሼ» አለች ቶርኖውን አጥፍታ፣ «አለቃዎትን ደውለው ‹ዓይንህን አብስ› ይበሉት።»

አባቷ የነቃው በቶርኖው ዝምታ ነው። የቶርኖ ሰው ማሽን ሲጮህ ይተኛል፣ ሲቆም ይነቃል። በአንድ ጫማ እየጎተተ መጣ። ዘንጉን አየ፣ አመዱን አየ፣ ልጁን አየ። ከዚያ ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ወደ ዘንጉ ረጨ።

ጭስስስ።

ሳጥን ስቦ ቁጭ አለ።

«ምነው አባዬ? ለካሁት እኮ! ሦስቴ!»

«አምንሻለሁ።»

«ዘጠና ከሁለት ፀጉር! ከፈለግህ መነጽርህን ላምጣልህና እየው!»

«አምንሻለሁ አልኩሽ» አለ። ለመካኒኩ ሌላ ሳጥን በእግሩ ገፋለት። «ተቀመጥ ልጄ። እንጠብቅ።»

«ምን እንጠብቃለን ጋሼ?» አለ መካኒኩ።

«እስኪበርድ።»

ተቀመጡ። ጄኔሬተሩን አባቷ አስጠፍቶታል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል። ሚስማር ቆማ ቆየች፣ መቆሙ ሲከብዳት እሷም ተቀመጠች። አባቷ ቢቆጣት በወደደች። ቁጣ መልስ አለው፤ እንዲህ ዓይነቱ መቀመጥ ግን መልስ የለውም። በየመሀሉ ጣቱን እያረጠበ ይረጫል። ጭስ አለ። ቆይቶ እንደገና፤ ትንሽ ጭስ። ቆይቶ፤ ዝም።

አክስቷ ምሳ በሳህን ይዛ ስትገባ ሦስቱም አንድ ብረት ላይ አፍጥጠው አገኘቻቸው።

«ውይ! ማን ሞተ?»

«ገና አልታወቀም» አላት ወንድሟ።

ፀሐይዋ ከበሩ ወጥታ ወደ ግድግዳው ስትዞር አባቷ መዳፉን ዘንጉ ላይ አሳረፈና ለደቂቃ ያህል አላነሳውም። ከዚያ ካሊፐሩን አቀበላት።

«በይ ለኪ።»

ለካች። ካሊፐሩን በሱሪዋ ጠርጋ ደግማ ለካች። አፏ ተከፈተ፣ ምንም ግን አልወጣም። ይህ በታሪኳ የመጀመሪያው ነው።

«ጮክ በይ፣ እኔ አላየውም።»

«ሰማንያ ዘጠኝ...» አለች፤ «ከሰማንያ ስምንት ፀጉር።»

መካኒኩ ነገሩ አልገባውም። አዲሱን ኩሽኔታ ከወረቀቱ ፈትቶ ወደ ዘንጉ አስጠጋው፤ በሁለት ጣቱ ገፋው፤ ሸርተት ብሎ ገባ።

«ገባ!» አለ ፊቱ በርቶ። «ያለ መዶሻ! ያለ ምንም! ኧረ እንዴት ያለ ልክ ነው!»

«ይሄ ልክ አይደለም» አለ አባቷ። «የታላቅ ወንድም ጫማ ነው።»

ኩሽኔታውን ነካ ሲያደርገው ዘንጉ ላይ ላልቶ ተወዛወዘ። የመካኒኩ ፊት ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ነይ እስቲ» አለ አባቷ ወደ ልጁ ዞሮ። ድምፁ አልጨመረም፤ ለመጨመርም ጉልበት የሚፈልግ ነገር ነው። «ኩሽኔታ ከማስገባታችን በፊት የፈላ ዘይት ውስጥ የምንከተው ለምንድን ነው?»

«እንዲሰፋ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። ይህን ሥራ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሠርታዋለች፤ ኩሽኔታ በመቀቀል የሚያክላት የለም። «ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲበርድ ይጠባል።»

«ዘንጉስ? የእንጨት ነው?»

ሚስማር ትኩስ ብረት አብጦ ሳለ ለክታው ነበር፤ እብጠቱን ነበር ዘጠና ያለችው።

«ሰኞ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ» አለች አክስቷ፣ ሳህኑን እያስቀመጠች። በክፋት አልነበረም። እንዲያውም ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት፤ ይሄኛው ነው የበለጠ ያመማት።

አባቷ ሊነሳ ሲል በእጁ ግድግዳውን ፈለገ፤ አንዴ ሳተው፣ በሁለተኛው ያዘው። ቆመና የብየዳ መከላከያውን ከተሰቀለበት አወረደ። ሚስማር ያን ጊዜ ነው የገባት። ያበላሸችው ዘንግ አልነበረም፤ የሁለት ቀን ወገብ ነው፣ የሁለት ቀን ዓይን ነው። ያ ሁሉ እሳት እንደገና ከመጀመሪያው ሊታይ ነው፣ የሚያየው ደግሞ ያው ዓይን ነው።

«እኔ ልበይደው አባዬ።»

«አትችዪም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አዙሪ።»

እሱ ይበይዳል፣ እሷ ዘንጉን ቀስ እያለች ታዞራለች። ያን ቀን አመሻሹ ድረስ፣ በማግስቱም ከጠዋት ጀምሮ። አንድ ክር ብየዳ፣ ሩብ ዙር፤ አንድ ክር፣ ሩብ ዙር። ከምሳ በኋላ ክንዷ የሷ መሆኑን ረሳችው። አንገቷ ነደደ፣ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፤ ብረቱ ግን ሲንቀጠቀጥ አላየችውም። አባቷ በየመሀሉ መከላከያውን ገልጦ ዓይኑን በእርጥብ ጨርቅ ይይዛል። ይህን ሲያደርግ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ እሷ የማታይ ይመስል። መካኒኩ አንዴ መጣና ሁኔታቸውን አይቶ፣ ኮፍያውን አድርጎ ተመለሰ። ሰው የእነሱን ፊት አይቶ ለመቸኮል ድፍረት ያጣል።

ዘንጉ አመድ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ሚስማር ከሁሉ ቀድማ መጣችና በባዶ እጇ ያዘችው። ቀዝቃዛ ነው። አላመነችም፤ በጉንጯ ነካችው። እንደ ውሻ አፍንጫ ቀዝቃዛ ነው። ያኔም አባቷ እስኪመጣ ጠበቀች።

እሱ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ፣ እሷ ላጠች። ትንሽ ከሄደች «ቁሚ» ይላታል፤ ትቆማለች። «ይብረድ» ይላታል፤ ይበርዳል። የዚያን ጠዋት ከመላጥ ይልቅ ቁጭ ብሎ ብረት ማየት ነበር ሥራቸው። የመጨረሻውን ከነካች በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ለካች።

«ዘጠና ከሁለት ፀጉር።»

«በእጅሽ ያዢው።»

«ቀዝቃዛ ነው።»

ኩሽኔታው ዘይት ውስጥ ተቀቀለ፤ በመቆንጠጫ አወጡት፤ ዘንጉ ላይ ሲያርፍ አንዴ «ጭጭ» አለና ቦታውን ያዘ። ሲበርድ ዘንጉን ሊወስድ የመጣው መካኒክ በሁለት እጁ ጎተተው፣ በእግሩ ዘንጉን ረግጦ ጎተተው። ካሁን በኋላ የሚያንቀሳቅሰው ዶዘር ነው። ዘንጉን ጭነው ሸኙት። መካኒኩ መኪናው መስኮት ላይ ሆኖ «ሚስማሬ፣ ዛሬ ምንም አልተናገርሽም፤ አሞሻል እንዴ?» አላት። እጇን ብቻ አውለበለበችለት። እውነትም ምላሷ ሳይቀር ደክሞት ነበር።

ሲመለሱ አክስቷ ወርክሾፑ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሰኞ ደርሷል።

«ዕቃሽን አልሸከፍሽም?»

ሚስማር ወደ አባቷ አየች። አባቷ ጥቁር እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ አንድ ጣት፣ ሌላ ጣት፣ እንደማይቸኩል ሰው።

«አትሄድም እትዬ» አለ። «እዚሁ ትቆይ።»

ቀናቱን ሁሉ ጎብጦ የቆየው የሚስማር ወገብ እንደ ተለቀቀ ስፕሪንግ ቀና አለ። ድካሙ የት እንደገባ እንጃ። ምላሷም ከተኛበት ነቃ።

«ይኸውልሽ አክስቴ!» አለች። «ሙያ ያለው ሰው እንዲህ ነው! አጥብቀው ይይዙታል እንጂ አይለቁትም! እስቲ ንገራት አባዬ፣ ለምን እንዳስቀረኸኝ አንተው በአፍህ ንገራት!»

አባቷ ጨርቁን ቶርኖው ላይ ጣለና ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ብረት ስታበላሺ መልሼ እበይደዋለሁ» አለ። «የሰው ቀሚስ ብታሳጥሪ በምን እበይደዋለሁ?»